የጋራዡ ጉድጓድ፦ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት የተያዘ ማስታወሻ

ሚያዝያ 12

የበልጉ ዝናብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወረደ። 4 የሃይላንድ ላስቲክ ይዤ ስጠብቀው ነበር። ሰፈራችን ኮምቦልቻ ነው። ከከባድ መኪና ጋራዡ በታች ባለው ቦይ ዳር ጃንጥላዬን ይዤ ቆምኩ። የመጀመሪያውን ላስቲክ ጎርፉ እንደመጣ ቀዳሁበት። ሁለተኛውን ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ ሦስተኛውን በግማሽ ሰዓት፣ አራተኛውን ደግሞ አንድ ሰዓት ሲሞላ።

ቤት ገብቼ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። አንደኛው ጥቁር ነው። ላዩ እንደ እርግብ አንገት ያብለጨልጫል። ክዳኑን ስከፍተው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሁለተኛው የቡና አተላ ይመስላል። ሦስተኛውና አራተኛው ቀይ አፈር የቀላቀለ ተራ ጎርፍ ናቸው።

ማየት የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ዝናቡ ራሱ ንጹሕ ነው። መሬት ላይ ያጠራቀምነውን ግን የመጀመሪያው ጎርፍ አፍሶ ይወስደዋል። ወር ሙሉ የተንጠባጠበ ዘይት፣ የጎማ ብናኝ፣ ግሪስ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ ፌስታል፣ ሁሉም በሩብ ሰዓት ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ የዝናቡን ውሃ በሙሉ መያዝ አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚመጣውን መያዝ ከቻልን ትልቁን ሥራ ሠራን ማለት ነው።

ሚያዝያ 13

ጠዋት ሳየው አንደኛው ላስቲክ ሥር አንድ ጣት የሚያህል ጥቁር ጭቃ ዘቅጧል። ላዩ ላይ ስስ ዘይት ተንሳፍፏል። መሃሉ ከትናንቱ በጣም የጠራ ነው። ሌሊቱን ያለ ምንም ማሽን ለሦስት ተከፍሎ አደረ። ከባዱ ወረደ፣ ቀላሉ ወጣ።

ሙያዬ ቧንቧ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ እዚያው መስኮቱ ጋ መጣልኝ። ጎርፉን ለጥቂት ደቂቃ ቆም የሚያደርገው ጉድጓድ ቢኖር፣ ይኸው ነገር እዚያም ይሆናል።

ሚያዝያ 21

ቦዩን ተከትዬ እስከ ታች ወረድኩ። በመንገዴ 2 ጋራዥ፣ 1 ላቫጆ፣ 1 የጎማ ጥገና፣ 1 ሥጋ ቤት ቆጠርኩ። ቦዩ ከአንዲት ትንሽ ጅረት ይገናኛል። ጅረቷም ቦርከና ወንዝ ትገባለች። መሃል ላይ የሚያጣራው ነገር የለም። ብዙ ሰው ቱቦ የገባ ውሃ የሆነ ቦታ ተጣርቶ የሚለቀቅ ይመስለዋል። አይደለም። ቦይ ማለት አጭሩ የወንዝ መንገድ ነው።

ቦርከና ከደሴ በኩል 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። የደሴን ጎርፍ ይዞ ይመጣል፣ የእኛን ይጨምራል። ከዚያ በሐርቡና በከሚሴ በኩል ጨፋ ይገባል። ጨፋ በበጋ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም ከብቱን ይዞ የሚሰባሰብበት ረግረግ ነው። ከጨፋ ወዲያ አዋሽ አለ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይገባም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ደርሶ ያበቃል። የባሕር ዳርቻ ሰዎች ስለ ጎርፍ ብክለት ሲጨነቁ ቢያንስ ፊታቸው ሰፊ ውሃ አለ። የእኛ ውሃ መውጫ የለውም። ይዞት የወረደው ነገር መንገድ ላይ ወይም መጨረሻው ላይ ይቀራል።

የፋብሪካ ፍሳሽስ የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። እዚሁ ኮምቦልቻ ባሉት በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች ላይ ተመራማሪዎች ክሮሚየም፣ ዚንክ፣ መዳብና እርሳስ ለክተዋል። ያ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ መጠየቅም አለበት። እኔ ግን የፋብሪካ ቁልፍ በእጄ የለም። ከበሬ ፊት ለፊት የሚያልፈው ቦይ ግን አለ።

ግንቦት 2

የጋራዡን ባለቤት ሐጂን ሄጄ አነጋገርኳቸው። 4ቱን ላስቲኮች ይዤ ነው የሄድኩት። ቡና አስፈልተው ተቀበሉኝ። ላስቲኮቹን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ብርሃን አዩዋቸው።

«ልጄ፣ የተቃጠለ ዘይት እኮ አንደፋም» አሉኝ። «እንሸጠዋለን። ለምስጥ የሚቀባ አለ፣ ለፎርም የሚቀባ ግንበኛ አለ። ዘይት ገንዘብ ነው።»

እውነታቸውን ነው። በርሜሉን አየሁት፣ በደንብ ተከድኗል። ታዲያ ያ ጥቁር ውሃ ከየት መጣ? ቆይቼ ልየው አልኩ። ፈቀዱልኝ።

ግንቦት 3

ሙሉ ቀን ጋራዡ ውስጥ ዋልኩ። ደረቅ ወደብ ስላለን ከጅቡቲ መስመር የሚመጡ ከባድ መኪኖች እዚህ ይታደሳሉ። የአንዱ ዘይት ሲቀየር አየሁ። ከ30 ሊትር በላይ ዘይት በጥንቃቄ በርሜል ገባ። ልጁ አንድ ጠብታ አላባከነም። ከዚያ ፊልትሮውን ፈታና መሬት ላይ አስቀመጠው።

ፊልትሮውን አንስቼ በወተት ጣሳ ላይ ዘቅዝቄ አሳደርኩት። ጠዋት ጣሳው ውስጥ ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት አለ። አጥሩ ሥር የተከመሩትን አሮጌ ፊልትሮዎች ቆጠርኩ። 37 ናቸው። ሥራቸው ያለው አፈር እንደ አስፋልት ጠቁሮ ደርቋል። ሐጂ ጣሳውን ሳሳያቸው ዝም አሉ። ከዚያ ልጆቹን ጠርተው «ይኼ እኮ የእኛው ነው» አሏቸው።

ሌላውም እንደዚሁ ነው። ሞተር በናፍጣ ይታጠባል፣ እጣቢው መሬት ይፈሳል። ግሪስ የተጠረገበት ጨርቅ እዚያው ይጣላል። ማንም ሆን ብሎ አይደፋም። ጠብታው ነው የሚጠራቀመው።

ግንቦት 9

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ሲሚንቶ ሳንነካ መጀመሪያ እነዚህን አደረግን። አሮጌ በርሜል በቁመቱ ተሰንጥቆ 3 ገንዳ ሆነ፤ ሞተር የሚታጠበው በላዩ ነው። ፊልትሮ የሚዘቀዘቅበት ወንፊት ያለው በርሜል ተበየደ። ዘይት ሲፈስ ውሃ አይደፋበትም፣ ሰጋቱራ ይበተንበታል፣ ከዚያ ይጠረጋል። ሰጋቱራውን ጎረቤት ያለው እንጨት ቤት በነፃ ሰጠን።

ዘይት የጠጣው ሰጋቱራ ክዳን ባለው በርሜል፣ ጣራ ሥር፣ ከብየዳው ርቆ ይቀመጣል። ብልጭታ ካገኘው እሳት ነው። የት እንደምናስወግደው ገና አልተገኘለትም። ይህንን ሳልጽፈው ማለፍ አልፈልግም።

ግንቦት 17

ልኬት። ግቢው 20 በ25 ነው፣ 500 ካሬ ሜትር። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። ሒሳቡ ያን ያህል ቀላል ነው። በሰዓት 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል ኃይለኛ ዝናብ ብንይዝ ከግቢው 15,000 ሊትር ይወጣል። በሰከንድ ከ4 ሊትር ትንሽ ከፍ ይላል ማለት ነው።

ጉድጓዱ ውስጡ 2 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ20፣ የውሃው ጥልቀት 1 ሜትር እንዲሆን ወሰንን። 3,000 ሊትር ይይዛል። በዚያ ዝናብ ውሃው ውስጡ 12 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ለአሸዋና ለከባዱ ደለል በቂ ነው። ለደቃቁ ሸክላ አይበቃም፣ እሱ ከውሃው ጋር ይወጣል።

ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል ደለል ያስቀራል። ሁለተኛው ዘይት ያንሳፍፋል። መውጫው ቱቦ ጎሚቶ (እንደ ክርን የታጠፈ መጋጠሚያ) ይደረግለትና አፉ ከውሃው ፊት ግማሽ ሜትር ወደ ታች ይጠልቃል። የሚወጣው እንግዲህ የመሃሉ ውሃ ነው። ልክ መስኮቱ ላይ እንዳየሁት ላስቲክ።

ግንቦት 24

ዕድሩ ስብሰባ ላይ አቀረብኩት። ግማሹን ወጪ ሐጂ እችላለሁ አሉ። ስለ ሕጉ የጠየቀ ሰው ነበር። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው ራሱ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ያንን ነገርኳቸው። ቤቱን ያሸነፈው ግን ሕጉ አይመስለኝም። ከቦዩ ዳር ቡና የምታፈላው እትዬ ተነስታ «እኔ እኮ ክረምት ክረምት ጀበናዬን የማጥበው አፍንጫዬን ይዤ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

ሰኔ 1–9

ቁፋሮው በደቦ 2 ቀን ፈጀ። 150 ብሎኬት፣ 8 ኩንታል ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር። ወለሉ ላይ ፌሮ ገባ። ግንበኛው ቱንቢውን ሳይጥል አንድ ረድፍ አላለፈም። ልስኑን ሁለት ጊዜ መታው።

ሰኔ 14

ውሃ ሞላነውና ግድግዳው ላይ በከሰል ምልክት አደረግሁ። በማግስቱ 4 ጣት ወርዶ አገኘሁት። ፀሐዩ ያን ያህል አይጠጣም። ያፈሳል። ግንበኛው በባትሪ እየፈለገ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘ። ፈልፍሎ እንደገና ለሰነው።

አንዳንዱ «ትንሽ ቢሰርግ ምን አለበት» አለ። አለበት። የሚያፈስ የዘይት ጉድጓድ ከሌለው ይብሳል። ቦይ ውስጥ የነበረውን ቆሻሻ ወደ ጉድጓድ ውሃ መላክ ነው። ሰኔ 17 እንደገና ሞላነው። ጠዋት ምልክቱ ላይ ቆሞ ነበር።

ሐምሌ 4

ዛሬ ነው የከሰርነው።

በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። ጉድጓዱ መጀመሪያ እንደታሰበው ሠራ። ላዩ ላይ ዘይቱ ተሰበሰበ፣ በታች የሚወጣው ውሃ ደህና ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ዝናቡ በረታ። ቱቦው ሞልቶ መጉረፍ ጀመረ። ድንገት የጉድጓዱ ውሃ ፊት ሲወርድ አየሁ። ዝናቡ እየጨመረ ውሃው ይቀንሳል! አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር። ከዚያ ያ የተሰበሰበ ዘይት ሁሉ ጎሚቶው አፍ ደረሰና እየተንቦጫቦጨ ተሳበ። ቦዩ ጠቆረ። እትዬ ድስቷን ይዛ ተነሳች።

ምክንያቱን የነገረኝ ከጋራዡ ልጆች ትንሹ ነው። «ጋሼ፣ ከታንከር ናፍጣ በጎማ ስንስብ እንደዚህ አይደል? አንዴ ከጀመረ ራሱ ይወርዳል።» ልክ ነው። መውጫው ቱቦ ወደ ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ነው የሚደፋው። ሲሞላ ራሱ መሳብ ይጀምራል፣ አፉ አየር እስኪያገኝ አይቆምም። 20 ዓመት ቧንቧ ሠርቼ ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። በጣም አዘንኩ። ሐጂ ትከሻዬን ይዘው «አብሽር» አሉኝ። «ሞተርም መጀመሪያ ሲነሳ ያጨሳል።»

ሐምሌ 6

ጎሚቶውን አውጥተን ቲ (ሦስት አፍ ያለው መጋጠሚያ) አስገባን። የቲው አንድ እግር ወደ ታች ውሃው ውስጥ ይጠልቃል፣ ሌላው ወደ ላይ ክፍት ሆኖ ከውሃው በላይ ይቆማል። ክፍቱ አየር ስለሚያስገባ መሳቡ አይጀምርም። ዋጋው ከጎሚቶው እምብዛም አይበልጥም። ይህን ማስታወሻ አንብቦ የሚሠራ ሰው ካለ ከሁሉም በፊት ይህቺን ይያዝልኝ። ጎሚቶ አይደለም፣ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ቲ።

ቱቦውንም ከ110 ወደ 160 ሚሊ ሜትር ቀየርነው።

ሐምሌ 11

ሌላ ያልታየ ነገር። ከ500 ካሬው ውስጥ 200 ያህሉ ቆርቆሮ ጣራ ነው። የጣራው ውሃ ንጹሕ ነው። እኛ ግን ዘይት ባለበት ግቢ ላይ እየለቀቅን አቆሽሸን፣ ከዚያ ጉድጓድ ሠርተን ልናጣራው እንለፋለን። አሸንዳ ዙሪያውን ገጠምንና አንዱን አፍ ወደ ሮቶ፣ ትርፉን በቀጥታ ወደ ቦዩ አወጣነው። በግማሽ ቀን ሥራ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ውሃ ከአምስት ሁለት እጅ ቀነሰ። ከሠራነው ሁሉ በጣም ርካሹና በጣም ጠቃሚው ይህ ነው ባይ ነኝ። እንደገና ብጀምር ከዚህ ነበር የምጀምረው።

መግቢያው ላይም ዝቅ ያለ መከታ አድርገናል። ጎርፉ ከመጠን ሲያልፍ በላዩ ተሻግሮ ወደ ቦዩ ይሄዳል። ያኔ ዋናው ቆሻሻ ጉድጓድ ገብቶ አልቋል። ትልቁ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ የተኛውን ደለል እንዳያምሰው ነው።

ሐምሌ 19

ፌስታል። ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ ውሃው ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ግቢው ኩሬ ሆነ። ከእንግዲህ ደመና ሲከብድ ወንፊቱን የሚያይ ልጅ በተራ ተመደበ። ተራው በጋራዡ በር ላይ በኖራ ተጽፏል።

ነሐሴ 3

ላቫጆ ላይ ያሉት ልጆች «ለእኛም ሥሩልን» አሉ። እውነቱን ነገርኳቸው። ሳሙና ዘይቱን በትኖ ከውሃ ጋር ያዋህደዋል። ሳሙና ያለበት ውሃ በዚህ ጉድጓድ ቢያልፍ ዘይቱ አይንሳፈፍም። ለጊዜው እጣቢው ቦይ እንዳይገባ አደረግን። ማጠቢያውን ከቦዩ ራቅ ወዳለ፣ ጠጠር ወደ ፈሰሰበት ቦታ አዙረን በታቹ 3 ረድፍ ቬቲቨር ሳር ተከልን። ሳሩ እስኪይዝ ሁለት ክረምት ይፈልጋል።

ነሐሴ 20

በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ከተሞች የጎርፍ መውረጃ አፍ ላይ ዓሣ ይሥላሉ። «ወደ ባሕር ይፈሳል፣ ቆሻሻ አትጣሉ» ብለው ይጽፉበታል። ለሰፈሩ ልጆች ነገርኳቸውና ቀለም ገዛን። ዓሣ እንሣል ወይ ብለው ተከራከሩ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ «የእኛን ውሃ የሚጠጣው ላም ነው» አለች። አጎቷ ከሚሴ ከብት አላቸው።

ስለዚህ በ5 ቦታ ላም ተሣለ። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትጠጣለች። ከሥሯ «ይህ ቦይ ቦርከና ይገባል» ይላል። አንደኛዋ ላም አምስት እግር አላት፤ አምስተኛው ጅራት ነው ብለውኛል። ትናንት የሱቁ ልጅ የወለል እጣቢውን ይዞ መጥቶ ሥዕሉን አየና ተመለሰ። ራሴ ነው ያየሁት።

መስከረም 22

ጉድጓዱ ተከፈተ። በመጀመሪያው ክፍል 28 ሳንቲ ሜትር ደለል አለ። ጥቁር፣ ከባድ፣ የብረት ብናኝ ያለበት። አካፋው ላይ እንደ ቂጣ ሊጥ ይለጠፋል። በሁለተኛው ክፍል ዘይቱ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። ግማሹን በቆረጥነው የሃይላንድ ላስቲክ እየቀዳን አወጣነው። አንድ ጀሪካን ተኩል ሞላ። 30 ሊትር ማለት ነው። ሐጂ ጀሪካኑን በእጃቸው አንስተው ክብደቱን ሞከሩት። ብዙም አልተናገሩም። ወደ ዘይት በርሜሉ ራሳቸው ወስደው ገለበጡት።

ደለሉ በላስቲክ በተነጠፈ በርሜል፣ ጣራ ሥር ይደርቃል። እርሻ ላይ እንዳይበተን ለሁሉም ተነግሯል። አንድ ሰው ለአትክልቱ ጠይቆኝ ነበርና ነው።

መስከረም 25

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘነበ። በያኔዎቹ 4 ላስቲኮች፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት አቆጣጠር ቀዳሁ። አንደኛው ዛሬም ደፍርሷል። ዳር ዳሩ ላይ የዘይት ቀለም አለ፣ ግን ስስ ነው፣ ስነካው ይበተናል። ናፍጣ አይሸትም። ከላይኛው ጋራዥ የሚመጣው አሁንም በዚሁ ቦይ ያልፋል። ቀለሙ የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ጥቅምት 2

የላይኛው ጋራዥ ባለቤት ማለዳ መጡ። ጉድጓዱን አስከፍተው አዩ። ቲውን በጣታቸው እያመለከቱ ለምን አፉ ወደ ላይ እንደተከፈተ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ግቢያቸው ሄደው በእርምጃ ሲለኩ አየኋቸው። 34 በ22 እርምጃ። ጣራው ግማሽ ይሆናል። አሸንዳውን በዚህ ሳምንት እንገጥማለን፣ ቁፋሮው ኅዳር መጀመሪያ ነው።